በረካው ይወፍር፦ በሬስሊንግ ኩባንያ ጌም ሳይከስሩ ለማደግ

የመጀመሪያዋ ኩባንያዬ ስምንት ወር ኖራ ከሰረች። የገደልኳት እኔው ነኝ። ገና በሁለተኛው ሳምንት ሁለት ስመ ጥር ሬስለሮች አስፈረምኩ። መብራቱን፣ ርችቱን፣ ካሜራውን ጣራ አስነካሁት። ሾው ሊያይ የመጣው ሰው ግን የሰኞ ገበያን አንድ ጥግ አይሞላም። ወሩ ሲዘጋ ሂሳቡ ቀይ ሆነ። የሚቀጥለውም ቀይ። ስምንተኛው ወር ላይ ጌሙ ራሱ በቃህ አለኝ።

ሁለተኛዋ ይኸው ሦስተኛ ዓመቷን ይዛለች። በመሃል ብልጥ ስለሆንኩ አይደለም። መቸኮል ስለተውኩ ነው። እዚህ የምጽፈውም በአብዛኛው ያለመቸኮል ዘዴ ነው።

መጀመሪያ ጌሙን እንተዋወቅ

ጌሙ ቶታል ኤክስትሪም ሬስሊንግ ይባላል። በአጭሩ ቲ ኢ ደብሊው ይሉታል። የሠራው አዳም ራይላንድ ነው፤ የሚያወጣው ግሬይ ዶግ ሶፍትዌር። ራይላንድ ከዚያ በፊት ኤክስትሪም ዋርፌር ሪቬንጅ የሚባል ነፃ ጌም ነበረው። ከቲ ኢ ደብሊው እትሞች የ2005ቱ በነፃ ይወርዳል። እንደ 2016 እና 2020 ያሉት የኋለኞቹ ይሸጣሉ። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። በዶላር የሚከፍል ካርድ ለሌለን ሰዎች የ2005ቱ ሲሳይ ነው። እዚህ የምላችሁ አብዛኛው ነገር በሁሉም እትሞች ይሠራል፤ የአንዳንዱ ነገር ስምና የነጥብ አሰጣጡ ብቻ ይለያያል።

የሚያስፈልገው ዊንዶውስ ያለው ላፕቶፕ ነው። ያረጀም ይሁን፣ ግድ የለም። ምክንያቱም ጌሙ ውስጥ የሚታይ ቡጢ የለም። ስም፣ ቁጥርና ሰንጠረዥ ብቻ ነው። ፕሌይስቴሽን ቤት አብሮኝ ያደገ ጓደኛዬ ፒያሳ ካፌ ውስጥ ስክሪኔን አይቶ «አንተ፣ ቀበሌ ሥራ ጀመርክ እንዴ?» አለኝ። በርግጥ ያስመስላል። እናንተ የምትታገሉት አይደላችሁም። ሬስሊንግ ውጤቱ አስቀድሞ የሚወሰን ትርኢት ነው፤ ማን ከማን ይግጠም፣ ማን ያሸንፍ፣ ለማን ስንት ይከፈል የሚለውን የምትወስኑት እናንተ ናችሁ። ይህን ሰው ቡከር ይሉታል።

ስለ ቃላት አንድ ነገር ልበል። ሬስለር እያልኩ የምቀጥለው ታጋይ ማለት አቅቶኝ አይደለም። እኛ አገር ታጋይ ሲባል ጫካና ክላሽ ነው የሚታየው።

አንደኛ፦ ትንሽ ኩባንያ ያዙ

ጌሙ ሲከፈት ኮርኔልቨርስ የሚባል ምናባዊ የሬስሊንግ ዓለም ይዞ ይመጣል። ሰዎቹም ኩባንያዎቹም የፈጠራ ናቸው። ውስጡ ኤስ ደብሊው ኤፍ የሚባል ግዙፍ ኩባንያ አለ። ጀማሪ ሁሉ ዓይኑ የሚያርፈው እሱ ላይ ነው። ተዉት። ትልቅ ኩባንያ ይዞ የሚጀምር ሰው በየሳምንቱ ሾው ማዘጋጀት፣ በደርዘን የሚቆጠር የኮከብ ኩርፊያ መስማትና የቴሌቪዥን ቁጥር መከታተል አለበት። ገና ሕጉን ሳይለምድ ይሰለቻል። እንደ ኤም ኤ ደብሊው ያለች፣ በወር አንድ ሾው የሚበቃት ትንሽ ኩባንያ ያዙ።

ወይም እንደኔ በኤዲተሩ፣ ማለትም የጌሙን ሰዎችና ኩባንያዎች በሚለውጠው ክፍል፣ የራሳችሁን ፍጠሩ። የኔዋን ላኮመልዛ አልኳት። ችግሩ የጌሙ ካርታ ላይ አፍሪካ የለችም። አሜሪካ፣ ካናዳ፣ ሜክሲኮ፣ ጃፓን፣ አውሮፓ እያለ ይሄዳል፤ እኛ ጋ ግን አይደርስም። ስለዚህ ላኮመልዛ ደቡብ ምሥራቅ አሜሪካ ከተመች። ጦሳ የሚባል ግዙፍ ሰው አላት፣ ቦርከና የሚባል ፈጣን ልጅ አላት፣ አዝዋ የሚባል ደግሞ ገደል የሆነ ክፉ ሰው አላት። ስሞቹ የደሴ ተራራ፣ ወንዝና ገደል ናቸው፤ ደሴን የሚያውቅ ስሙን ሲሰማ ጠባዩ ይገባዋል።

ከዚያ የኩባንያችሁን ተመልካች ጠባይ አንብቡ። አንዳንዱ ኩባንያ ጥሩ ፍልሚያ ፈላጊ ተመልካች አለው። አንዳንዱ ደግሞ ስም ያለው ሰው ካየ ፍልሚያው ቢቀር ግድ የለውም። በትንሽ ኩባንያ ዝነኛ የሚባል ሰው የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ፍልሚያ የሚያደንቅ ተመልካች ያለውን መምረጥ ያዋጣል። ችሎታ ያለው ያልታወቀ ልጅ ርካሽ ነው። ዝና ግን ውድ ነው።

ሁለተኛ፦ ሰው ስትቀጥሩ በአዳር ሂሳብ አስቡ

ትንሽ ኩባንያ ለሬስለሩ የሚከፍለው በወጣበት ሾው ልክ ነው። ካልወጣ አይከፈለውም። ይህን ያልገባው ሰው ሁሉንም በአንድ ሾው ላይ ይደረድራል።

እኔም ደርድሬ ነበር። አንድ ቀን ታላቅ እህቴ ከጎኔ ቁጭ ብላ ሃያ ስድስት ስም አየች። ሱቅ ነው የምትሠራው፤ የዱቤ መዝገቧ ከኔ ጌም ይበልጣል። «አንተዬ፣ ይሄ ሁሉ ሰው ምንህ ነው?» አለች። ነገርኳት። «ሱቅ ውስጥ ሦስት ሰው ቆሞ አንዱ ብቻ ከሸጠ፣ ሁለቱ በላተኛ ናቸው።» ከዚያ ማን በየሾው ምን እንደሠራ አንድ በአንድ አየን። አሥሩ በላተኛ ሆነው ተገኙ።

አሁን ከአሥራ ስድስት ሰው አልፌ አላውቅም። ስትመርጡ ይህን ተመልከቱ፦

- ቢያንስ ሁለት ሰው ሃያ ደቂቃ የሚቆይ ትንፋሽና ፍልሚያን እየመራ የማሳመር ብቃት ይኑራቸው። ዋናውን ግጥሚያ የሚሸከሙት እነሱ ናቸው።
- አንድ ሰው አፍ ይኑረው። ማይክ ይዞ ሕዝብ የሚያስጮህ ሰው ባይታገልም ዋጋውን ያወጣል።
- ሁለት ሥራ የሚችል ሰው ፈልጉ። አንጋፋው ሬስለር ግጥሚያ ማቀናበር ወይም ኮሜንታተር መሆን ከቻለ አንድ ክፍያ ተረፈ ማለት ነው።
- ዳኛና ኮሜንታተር እንዳትረሱ። እኔ አንድ ሾው ያለ ኮሜንታተር አሳልፌያለሁ። ነጥቡ ምን ያህል እንደወረደ ባልናገር ይሻላል።

ሌላው ቀርቶ ጠባይም እዩ። አንድ አመለ ቢስ መልበሻ ክፍሉን ይመርዘዋል፤ ከዚያ የሁሉም ሞራል አብሮ ይወርዳል። ውል ውስጥ ውጤት የመቃወም መብት የሚጠይቅ ሰው ካለ ደግሞ በደህና ሸኙት። ይሸነፋል ያላችሁ ዕለት እምቢ ይላል።

ሦስተኛ፦ ሾው ማፍላት

የመመሪያው እምብርት እዚህ ነው፤ ትንሽ ታገሱኝ።

ኩባንያ የሚያድገው በአንድ ቀላል ሕግ ነው። ያሳያችሁት ሾው ነጥቡ በዚያ አካባቢ ካላችሁ ዝና ከበለጠ ታድጋላችሁ። ካነሰ ትወርዳላችሁ። የሾውን ነጥብ ደግሞ ከሁሉ በላይ የሚወስነው የመጨረሻው ዋና ግጥሚያ ነው። ሰው ከአዳራሽ ሲወጣ አፉ ላይ የሚቀረው የመጨረሻው ነው።

እዚህ ላይ ነው እኛ ወሎዬዎች የምንሳሳተው። ቡና ሲፈላ ወፍራሙ አቦሉ ነው። ቶናው ይቀጥናል። በረካው ለምርቃት ነው። ጀማሪ ቡከርም ሾውን እንደ ቡና ያፈላል፤ ምርጥ ምርጡን መጀመሪያ ያወጣና መጨረሻ ላይ ውኃ ይቀርባል። በዚህ ጌም ግን መወፈር ያለበት በረካው ነው።

ያ ማለት ግን ከታች ወደ ላይ ዝም ብሎ መክመር አይደለም። ተመልካች ይደክማል። ሦስት የጋለ ግጥሚያ በተከታታይ ካሳያችሁት አራተኛው ላይ ድምፁ ይጠፋል፤ ያ አራተኛው ዋናው ግጥሚያ ከሆነ አለቀላችሁ። ትንፋሽ ስጡት። ከላኮመልዛ አንድ ሾው ላሳያችሁ።

ሾው ከመጀመሩ በፊት ሁለት አዲስ ልጆች አጋጠምኩ። ይህ ማሟሟቂያ ነው፤ ነጥቡ ከሾው አይቆጠርም። ታዲያ ለምን? ሁለት ሰዎች ሲገናኙ አንዳንዴ የተደበቀ መጣጣም ይወጣል፣ አንዳንዴም ጭራሽ አይዋደዱም። ይህን ዋና ግጥሚያ ላይ ከማወቅ ማሟሟቂያ ላይ ማወቅ ይሻላል።

መክፈቻው የሁለት ፈጣን ልጆች አሥር ደቂቃ ነበር። አዳራሹ ነቃ። ከዚያ አዝዋ ማይክ ይዞ አምስት ደቂቃ ተሳደበ። ቀጥሎ የጥንድ ግጥሚያ፣ ስምንት ደቂቃ፣ መካከለኛ። ከዋናው በፊት ያስገባሁት ሆን ብዬ ደካማ ነገር ነው፤ ጦሳ አንድ ምስኪን ልጅ በሁለት ደቂቃ ጠቀለለው። ሰው ሳቀ፣ አረፈ። በመጨረሻ አዝዋ ከቦርከና፣ ሃያ ሁለት ደቂቃ።

ለዋናው ግጥሚያ አቀናባሪው እንዲከተለው የምትሰጡት ትእዛዝ አለ። ቀስ ብሎ እንዲጋል ማዘዝ ይቻላል። እንደ መንዙማ አስቡት፤ ድቤው መጀመሪያ ላይ አይፈጥንም፣ እያደር ነው ቤቱን የሚያነሳው። በዚህ ሾው የኔ ዝና 21 ነበር። ዋናው ግጥሚያ 43 አመጣ፣ ሾው በጠቅላላ 40። ዝናዬ ወጣ።

ከሁለት ወር በፊት ግን ይኸው ሃያ ሁለት ደቂቃ ጉድ ሠርቶኛል። ያኔ ዋናው ግጥሚያ ላይ ያስገባሁት ጦሳን ነበር። በሥዕሉም በቁመናውም ኮከብ ነው። ነጥቡ ግን ሲጠበቅ 29 ላይ ቀረ። ተናድጄ ልዘጋው ስል ከግጥሚያው ሥር ያለችውን ማስታወሻ አነበብኳት። ጦሳ ወደ መጨረሻው ትንፋሽ አጥሮታል ትላለች። ትንፋሹን ሄጄ አየሁ። ለካ አሥር ደቂቃ እንኳን አይበቃም። በሚቀጥለው ወር ያንኑ ሰው ዘጠኝ ደቂቃ ብቻ ሰጠሁት፣ እንደ ጦሳ ተራራ ቆሞ ሌላው እየተወረወረ። ነጥቡ ወጣ። ጥፋቱ የሱ አልነበረም፤ ከላዩ ላይ ያልቻለውን ጭኜበት ነው። እነዚያን ማስታወሻዎች ሳታነቡ አትለፉ። መምህሩ እነሱ ናቸው።

አንድ ግጥሚያ ሠራ ብላችሁ ደግሞ በየወሩ አትድገሙት። የትናንት ሽሮ ተሞቆ ሲቀርብ ሰው ያውቃል።

አራተኛ፦ መሸነፍ የሚችል ሰው አዘጋጁ

ድሮ ቪዲዮ ቤት ፊልም ስናይ አክተሩ አይሸነፍም ነበር። እዚህ ግን ሁሉም አክተር ከሆነ ማን ይወድቃል? ሬስለር ዝና የሚያገኘው በዝና የሚበልጠውን ሲያሸንፍ ነው፤ በተለይ ግጥሚያው ጥሩ ከሆነ። ስለዚህ ኮከባችሁ አንድ ቀን የሚወድቅለት ሰው ያስፈልጋል።

አወዳደቁ ግን ይለያያል። በንጹሕ የተሸነፈ ሰው ዝናው ይጎዳል። በማጭበርበር የተሸነፈ፣ ወይም ሌላ ሰው ገብቶ ያበላሸበት ያን ያህል አይጎዳም። አዝዋ ቦርከናን ለአምስት ወር ሲያሸንፈው አንዴም በንጹሕ አላሸነፈውም። አንዴ ገመድ ይዞ፣ አንዴ ዳኛው ዞር ሲል። ቦርከና እየተሸነፈ አደገ። በመጨረሻ የሻምፒዮንነቱን ቀበቶ በንጹሕ ሲወስድ አዝዋ ያጠራቀመው ዝና ሁሉ ወደ ልጁ መጣ። ቀበቶውም ራሱ ክብር አገኘ፤ ቀበቶ የሚከብረው በያዘው ሰውና በተካሄደበት ግጥሚያ ነው።

እንዲህ ያለውን ጠብ በጌሙ ውስጥ እንደ ታሪክ መዝግቡት። ታሪኩ ሲግል በውስጡ ያሉ ግጥሚያዎች ነጥብ ይጨመርላቸዋል። ሁለት ወይም ሦስት ታሪክ ይበቃል። ንግግር የማይችል ሬስለር ካላችሁ አፍ ያለው ማናጀር አቁሙለት። ሌላው በጨዋታው ይገባችኋል።

አምስተኛ፦ ለማደግ አትሩጡ

ጌሙ ኩባንያን በመጠን ይመድባል። በድሮዎቹ እትሞች ከትንሽ ተነስቶ ሪጅናል፣ ካልት፣ ናሽናል እያለ እስከ ግሎባል ይወጣል። ደረጃ ስትወጡ መልእክት ይመጣል፣ ደስ ይላል። ግን ደረጃ ማለት ወጪም ነው። ሬስለሮቹ ውል ሲያድሱ ዋጋ ይጨምራሉ። ተመልካቹ የተሻለ ሾው ይጠብቃል። ትልልቆቹ ኩባንያዎች ልጆቻችሁን ማየት ይጀምራሉ።

በእውነተኛው ዓለም የሆነውን ልንገራችሁ። ኢ ሲ ደብሊው ፊላደልፊያ ውስጥ ቢንጎ በሚጫወቱበት አዳራሽ ስም ያተረፈ ኩባንያ ነበር። ነሐሴ 1999 (ይህም በፈረንጅ ነው) ላይ በመላው አሜሪካ የሚታይ የቴሌቪዥን ፕሮግራም አገኘ። ሚያዝያ 2001 ላይ የኪሳራ ፋይል ከፈተ። ሁለት ዓመት እንኳን አልሞላም። በዚያው ዓመት መጋቢት ላይ ደግሞ ደብሊው ሲ ደብሊው፣ ያ ሁሉ ኮከብ በውድ የፈረመለት ኩባንያ፣ በተፎካካሪው በደብሊው ደብሊው ኤፍ (በዛሬው ደብሊው ደብሊው ኢ) ተገዛ። ጌሙን የሠራው ሰው ይህን ታሪክ በደንብ የሚያውቅ ይመስለኛል፤ ወጥመዱ ቁጭ እሱን ነው።

እንግዲህ አካሄዱ እንዲህ ነው። ዝና የሚቆጠረው በየአካባቢው ነው። በኋለኞቹ እትሞች አሜሪካ በ11፣ ጃፓን በ8 አካባቢ ተከፍለዋል። አንድ ቦታ ዝናችሁ ሲጠነክር ትንሽ ትንሽ ወደ ጎረቤቱ ይፈሳል። ስለዚህ ቀጣዩን ሾው ጎረቤት ውሰዱት እንጂ ዳር አገር አትሂዱ። ደሴ የታወቀ ዘፋኝ መጀመሪያ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ወርዶ ኮምቦልቻ ይዘፍናል፣ ቀጥሎ ሐይቅ፣ ቀጥሎ ወልድያ። በአንዴ 400 ኪሎ ሜትር ተጉዞ አዲስ አበባ ላይ ስታዲየም አይከራይም።

አዲስ ቦታ ስትገቡ ከቤታችሁ ያነሰ ሰው ይመጣል። አብሽሩ፣ የተለመደ ነው። እኔ የምከተለው አንድ መመዘኛ አለኝ፦ ካዝናዬ ውስጥ ያለው ገንዘብ ምንም ሳይገባ ስድስት ወር የማያኖረኝ ከሆነ ከሠፈሬ አልወጣም። ጌሙ ያስቀመጠው ሕግ አይደለም። ከመጀመሪያዋ ኩባንያ መቃብር ላይ ያገኘሁት ነው።

ስድስተኛ፦ ውልና ቴሌቪዥን

ቴሌቪዥን ሲመጣ ሂሳቡ ይገለበጣል። ለምሳሌ አንድ ሰው ለአንድ ሾው 300 ዶላር ይወስዳል እንበል። በወር አንድ ሾው ከሆነ ወጪው 300 ነው። በየሳምንቱ ቴሌቪዥን ላይ ከወጣ፣ በዚያ ላይ የወሩ ትልቅ ሾው ሲጨመር አምስት ጊዜ ነው፤ 1,500። ያኔ በወር 1,200 ደመወዝ ያለው የጽሑፍ ውል ይረክሳል። በዚያ ላይ በጽሑፍ የፈረመውን ሰው ሌላ ኩባንያ በቀላሉ አይነጥቃችሁም። ዋና ዋናዎቹን በጽሑፍ እሰሩ፣ የቀረውን በየሾው ክፈሉ።

የውል ማብቂያ ቀኖችን ወረቀት ላይ ጻፉ። የሁሉም ውል በአንድ ወር እንዳያልቅ አንዱን ለዓመት፣ አንዱን ለሁለት ዓመት አድርጉት። ደግሞም ውሉ ሊያልቅ የደረሰ ሰው ቀበቶ ይዞ አይቆይ። ይዞት ወደ ሌላ ኩባንያ ከሄደ የተገነባው ሁሉ አብሮ ይሄዳል።

ስለ መብራትም ሳልናገር አልጨርስም። አንድ ምሽት ቧንቧ ውኃ ሠፈር መብራት ሲሄድ የላፕቶፔ ባትሪ ቀድሞ ሞቶ ነበር። ሦስት ወር የሠራሁት ሾው ሴቭ አልተደረገም። ከዚያ ወዲህ ከእያንዳንዱ ሾው በኋላ ሴቭ አደርጋለሁ፣ በሳምንት አንዴ ደግሞ የጌሙን ፎልደር ፍላሽ ላይ እገለብጣለሁ።

ላኮመልዛ አሁን ሪጅናል ናት። ሁለት አካባቢ ይዛለች፣ ቴሌቪዥን የላትም፣ ዕዳም የላትም። ትናንት ማታ የውል ወረቀቴን ሳይ ቀበቶው እንደገና አዝዋ ወገብ ላይ ነው፣ ውሉ ደግሞ ሊያልቅ ሁለት ወር ቀረው። ቦርከና ትከሻው ተጎድቶ ለስድስት ሳምንት የለም። ጦሳ ዘጠኝ ደቂቃ ነው የሚችለው። እስቲ ዘጠኝ ደቂቃ ይበቃ እንደሆነ በሚቀጥለው ሾው እናያለን።